የውድድር ትራክ ላይ ለምትነዳ መኪና የራዲያተር አመራረጥ፦ ወፍራሙን ከማዘዛችሁ በፊት

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ልጅ በቴሌግራም ሦስት ፎቶ ላከልኝ። ሦስቱም የራዲያተር ፎቶ ናቸው። አንደኛው ጥቁር የፕላስቲክ ታንክ ያለው ተራ ራዲያተር ነው። ሁለተኛው የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም። ሦስተኛው እንደ ፍራሽ የወፈረ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ወፍራሙን ልዘዘው አይደል?» ይላል።

«ምን ሆና?» አልኩት።

«ታፈላለች።»

«የት?»

«ትራክ ላይ።»

ሌላ ምንም አልነገረኝም። ሕመሙን ሳይናገር መድኃኒት መርጦ የመጣ በሽተኛ ማለት ይሄ ነው። አልፈርድበትም፤ እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ነበርኩ። ሁለት ራዲያተር ገዝቼ ነው የተማርኩት። ሦስተኛውን የገዛሁበት ምክንያት ሌላ ነው፣ እደርስበታለሁ።

የሁለታችንም መኪና የ1990ዎቹ ማዝዳ ሚያታ ነች። የእኔዋ የ1996 ስትሆን ሞተሯ 1.8 ሊትር ነው። ከዲሲ አካባቢ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነድተን ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የመኪና ውድድር ትራክ፣ ሰሚት ፖይንት፣ እንሄዳለን። ዋናው ዙር 2 ማይል ነው፣ 10 ኩርባ አለው። ሃያ ደቂቃ ትነዳላችሁ፣ ወጥታችሁ ታርፋላችሁ፣ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው በሚያታ ላይ የተመሠረተ ነው። ሆንዳ ሲቪክም ሆነ የድሮ ቢኤምደብሊው ላላችሁ ግን ነገሩ ያው ነው፤ የሚለየው የማሰሪያው ቅርጽና ዋጋው ነው።

ለምን መንገድ ላይ ደህና ሆና ትራክ ላይ ታፈላለች?

ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ሁሉ ጎማ አያዞርም። በግምት ሲሶው ወደ ጎማ ይሄዳል፣ ሲሶው በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ ሲሶው ውሃው ውስጥ ይገባል። ሀይዌይ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ትንሽ መኪና የሚያስፈልጋት ከ20 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይበልጥም። ትራክ ላይ ግን ቀኝ እግራችሁ ከነዳጅ መስጫው የሚነሳው ፍሬን ለመያዝ ብቻ ነው። የእኔዋ ከፋብሪካ ስትወጣ 133 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ያንን ሁሉ ስታወጣ፣ የዚያኑ ያህል ሙቀት ውሃው ላይ ትጭናለች። ፋብሪካው ራዲያተሯን የሠራላት ሥራ ለማመላለስ እንጂ ለዚህ አይደለም።

በዚህ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ይዋሻል። ውሃው ብዙ ዲግሪ ሲወጣና ሲወርድ መርፌዋ መሃል ላይ ተገትራ ትቆያለች። ሾፌሩ በከንቱ እንዳይደነግጥ ተብሎ ነው። መርፌዋ ስትነቃነቅ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ከራዲያተር በፊት ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ግዙ። የእኔ ልማድ ይሄ ነው፦ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ አላየውም። 105 ሲደርስ ማርሽ ጨምሬ፣ የሞተሩን ዙር ቀንሼ ትራኩን ቀስ ብዬ አንድ ጊዜ እዞረዋለሁ። 110 ከደረሰ እወጣለሁ። ከዚያ በላይ መሄድ ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጋር ቁማር መጫወት ነው።

ቁጥር ማየት ስትጀምሩ አንድ ነገር ይገለጥላችኋል። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ፣ የውሃው ሙቀት የአየሩን ሙቀት እየተከተለ ነው የሚሄደው። ሚያዝያ ላይ አየሩ 18 ዲግሪ ሆኖ ውሃው 98 ከነበረ፣ ሐምሌ ላይ አየሩ 35 ሲሆን ውሃው 115 ይሆናል። አነዳዳችሁ አልተለወጠም፣ መኪናውም አልተበላሸም። ብዙ ሰው ግን ሚያዝያ ላይ «ደህና ናት» ብሎ ሐምሌ ላይ ጓርኒሲዮን (የቴስታታውን ማሸጊያ) ያቃጥላል። ዱባይና አቡዳቢ ያላችሁ ሒሳቡን በ40 ሥሩት።

አየር ነው፣ ውሃ ነው፣ ወይስ ሌላ?

ራዲያተር የሚሠራው ሁለት ነገር ሲያልፍበት ነው። በውስጡ ውሃ፣ በመሃሉ አየር። ከሁለቱ የትኛው እንደጎደለ ሳታውቁ ብትገዙ ዕድላችሁን ነው የምትሞክሩት።

መለየት ይቻላል። ላይኛው ማኒኮቶ (ውሃው የሚሄድበት የጎማ ቱቦ) ላይ አንድ የሙቀት ሴንሰር፣ ታችኛው ላይ ሌላ አድርጉ። ውሃው ገብቶ እስኪወጣ በጣም ከቀዘቀዘ፣ ሆኖም ሞተሩ መጋሉን ካልተወ፣ ውሃው በበቂ እየዞረ አይደለም። ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱን፣ ታችኛው ማኒኮቶ በመምጠጥ ብዛት መጨፍለቅ አለመጨፍለቁን እዩ። ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ሁለቱም ከጋሉ ደግሞ የጎደለው አየር ነው። ወይም ራዲያተሩ ራሱ አልበቃም። ሴንሰር ከበዛባችሁ ሽጉጥ የምትመስለዋ የሙቀት መለኪያም በጥቂቱ ትረዳለች። ግን የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ላይ ብታነጣጥሯት ትዋሻለች፤ ጥቁር ፕላስተር ለጥፋችሁ እሱ ላይ አነጣጥሩ።

ሦስተኛው ዕድል ማንም መስማት የማይፈልገው ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ቀድሞ አልቆ ሊሆን ይችላል። ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ከሆነ የዓለምን ትልቅ ራዲያተር ብትገጥሙ ታፈላለች። መመርመሪያው ቀላል ነው። ክዳኑ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ አለ፤ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ያውሱታል።

ልጁን ይህን ሁሉ አስፈተሽኩት። ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ሁለቱም ይግላሉ። በቃ፣ አየር ነው። ከዚያ የመኪናዋን ሆድ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ከፊት ፓራውልቱ ሥር እስከ ሞተሩ የሚዘልቀው የፕላስቲክ ሽፋን የለም። ዘይት የቀየረ ሰው ፈትቶ ሳይመልሰው ቀርቷል። ሚያታ ላይ ያ ፕላስቲክ ጌጥ አይደለም። እሱ ከሌለ በአፍንጫዋ የገባው አየር ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ታች ያመልጣል።

አየርን መንገድ ማስያዝ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

አየር ሰነፍ ነው። በራዲያተሩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች መሃል ተጨናንቆ ከማለፍ ይልቅ በጎን ያለ ቀዳዳ ካገኘ በዚያ ይሄዳል። በራዲያተሩና በመኪናው አካል መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ብዙ አየር እያፈሰሳችሁ ነው። ሥራው ከአፍንጫው ቀዳዳ እስከ ራዲያተሩ ጠርዝ ድረስ በላይ፣ በታችና በሁለቱ ጎን የተዘጋ ሣጥን መሥራት ነው። ዕቃው አልሙኒየም ቆርቆሮ ቢሆን ጥሩ። እኔ ግን የመጀመሪያውን የሠራሁት ሰው ግቢ ከሚተከለው የምርጫ ማስታወቂያ ፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። ምርጫ ሲያልፍ በነጻ ይገኛል። ኮፈኔን ከፍቶ ያየ ሁሉ ማንን እንደመረጥኩ ይጠይቀኝ ነበር። ጠርዙን በስፖንጅ ትዘጉታላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ተጀምሮ ከምሳ በኋላ ያልቃል።

የገባው አየር መውጣትም አለበት። ኮፈን ላይ መተንፈሻ መቁረጥ በጣም ይሠራል፤ ቦታው ግን ከራዲያተሩ ብዙ ሳይርቅ፣ የኮፈኑ የፊት አጋማሽ ላይ መሆን አለበት። ኮፈኑን ከኋላ በኩል፣ መስታወቱ ሥር፣ በቡሎን ከፍ አድርገው የሚሄዱ ሰዎች ታያላችሁ። በፍጥነት ስትሄዱ መስታወቱ ሥር ያለው አየር ግፊቱ ከፍተኛ ነው። ሙቀቱ በዚያ ሊወጣ ቀርቶ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ቆማችሁ ከሆነ ይሠራል፣ ቆሞ የሚወዳደር ግን የለም።

ኤሲውን የማትጠቀሙበት ከሆነ ከፊት የተደቀነውን ኮንደንሰር (ኤሲው ሙቀቱን የሚያወጣበትን) አንሱት። ከራዲያተሩ በፊት አየሩን የሚያሞቅና የሚያግድ ሁለተኛ ግድግዳ ነው። እኔ ግን አላነሳሁም። ነሐሴ ላይ ከዌስት ቨርጂኒያ ያለ ኤሲ መመለስ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቃል።

አሁን ወደ ራዲያተሮቹ

የመጀመሪያው አማራጭ ያው የፋብሪካው ዓይነት ነው። መሃሉ ቀጭን አልሙኒየም፣ ላይና ታቹ ፕላስቲክ። ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ ግን አዲስ ሲሆን መጥፎ አይደለም። ችግሩ ፕላስቲኩ ማርጀቱ ነው። ጥቁር የነበረው ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቢጤ ሲሆን ዕድሜው አልቋል ማለት ነው፤ አንድ ቀን ከላይ ይሰነጠቃል፣ ብዙ ጊዜም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ትራክ ለሚሄድ፣ ሞተሩን ላልነካካ ሰው፣ አዲስ የፋብሪካ ዓይነት ራዲያተርና በደንብ የተዘጋ የአየር መንገድ ይበቃዋል። ዋጋው ከ100 ዶላር ብዙ አይርቅም። በየጥቂት ዓመቱ መቀየሩን ግን ተቀበሉ።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ላይ በዚያው ዋጋ የሚሸጠው ሙሉ አልሙኒየም ነው። በፎቶ ያምራል፣ ወፍራም ነው፣ «ሬሲንግ» ተብሎ ተጽፎበታል። የእኔ የመጀመሪያ ግዢ ይሄ ነበር። ሻጩን አልጠራም። የቬንትሌተሩ (የማራገቢያው) ማሰሪያ ቀዳዳዎች አልገጠሙም፤ ቦርቡሬ ገጠምኩት። የክዳኑ አንገት በትክክል ስላልተቆረጠ ክዳኑ ግፊት አይዝም ነበር። በሦስተኛው የትራክ ቀን ብየዳው ላይ ላብ የመሰለ ጠብታ ወጣ፣ በአራተኛው ጠብታው ጅረት ሆነ። እርግጥ ደህና የደረሰው ሰውም አለ። ችግሩ አንዱ ደህና፣ አንዱ ብልሽት መሆኑ ነው፤ የትኛው እንደሚደርሳችሁ አታውቁም። ከገዛችሁም መኪናው ላይ ሳትገጥሙ በአየር ግፊት ውሃ ውስጥ አስፈትሹት።

ውፍረቱስ? ልጁም እኔም የተታለልንበት እዚህ ላይ ነው። አየሩ ራዲያተሩ ውስጥ እየገባ ሲሄድ ይሞቃል። የኋላው ረድፍ የሚያገኘው የፊተኛው ያሞቀውን አየር ነው። በአንድ ሳፋ ውሃ አምስት ልጅ እንደማጠብ ነው፤ ለመጨረሻው ልጅ የሚደርሰውን ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ ሲወፍር አየሩን የበለጠ ያግዳል፣ የታገደ አየር ደግሞ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ ዙሪያው ያልተዘጋ መኪና ላይ ወፍራም ራዲያተር ከቀጭኑ ብዙም ላይሻል ይችላል። ርካሾቹ ደግሞ ወፍረው ቅጠሎቻቸው የሳሱ ናቸው። ሥራውን የሚሠሩት እነዚያ ቅጠሎችና ከቱቦው ጋር ያላቸው መገናኛ ናቸው እንጂ ሚሊሜትሩ አይደለም።

ሦስተኛው፣ የእኔ ምርጫ፣ ስም ካለው አምራች የሚመጣ 36 ሚሊሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው ሙሉ አልሙኒየም ነው። ሚያታ ያላቸው ሰዎች ዘንድ የጃፓኑ ኮዮ ስሙ የታወቀ ነው። የአሜሪካዎቹ ሚሺሞቶና ሲኤስኤፍም አሉ። የምትከፍሉት ወደ 300 ዶላር ገደማ ነው፣ አንዳንዴ ከዚያ ያንሳል። የሚያገኙት ጥቅም፦ ቀዳዳው ይገጥማል፣ የፋብሪካው ቬንትሌተር ይቀመጥበታል፣ የሚሰነጠቅ ፕላስቲክ የለም። ዋስትናውን ስታነቡ ግን ውድድርን ያካትት እንደሆነ በጥንቃቄ እዩ። «የዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል ትልቅ ተጽፎ፣ ትራክ የሚለው ቃል ከታች በትንሹ የሚጻፍበት ጊዜ አለ።

አራተኛው 50 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ያለው ፍራሹ ነው። ቦታ አለው፣ አልክድም። ቱርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ ዕቃ) ለገጠመ፣ ጉልበቱን እጥፍ ላደረገ፣ የአየር መንገዱን በሣጥን ለዘጋ ሰው ይሠራል። ግን ቬንትሌተሩ ከሞተሩ ጋር ይጋጫል፣ ቀጭን ቬንትሌተር መግዛት ይመጣል። የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ክብደት ይጨምራል፤ ብረቱ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያለው ውሃም ይመዝናል። ፋብሪካ እንዳወጣት ላለች ሚያታ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ባለ ሁለት ዙር የሚባለውም አለ። ውሃው በአንድ ግማሽ ሄዶ በሌላው ግማሽ ይመለሳል። ቱቦው ውስጥ ያለው ፍጥነት እጥፍ ስለሚሆን ሙቀቱን በደንብ ያስረክባል። ሒሳቡ ያምራል። ነገር ግን ውሃው በግማሽ ቱቦ፣ እጥፍ መንገድ ስለሚሄድ ፓምፑን በጣም ያደክመዋል። ጠንካራ ፓምፕ ያለው ይጠቀም፤ የፋብሪካ ፓምፕ ያለው ይተወው። መውጫና መግቢያውም አንድ ጎን ስለሚሆን ማኒኮቶ መቀየር ግድ ነው።

የሚያታ ራዲያተር ውሃው ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ነው። ውሃው ከጎን ወደ ጎን የሚሄድበት ዓይነት ለእሷ ተሠርቶ ይሸጣል። ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ሁለት እጥፍ ሳይሆን ስድስት እጥፍ ያህል ትከፍላላችሁ። ለእውነተኛ ተወዳዳሪ ነው። እኔ አንድ ጓደኛዬ ላይ አይቼዋለሁ፤ ሐምሌ ላይ 95 ዲግሪ ላይ ሲነዳ ቀንቼበታለሁ።

የመዳብና የነሐሱን ካላነሳሁ አባቴ ይታዘበኛል። መዳብ ከአልሙኒየም የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል፣ ያ እውነት ነው። ነገር ግን የነሐሱ ቱቦ ጠባብ ሆኖ ነው የሚሠራው፣ መገናኛውም በቆርቆሮና በእርሳስ የተበየደ ነው፣ ክብደቱም ሌላ ነው። የአልሙኒየሙ ቱቦ ሰፊ ስለሆነ በአጠቃላይ ይበልጠዋል። የመዳቡ ትልቅ ጥቅም መጠገኑ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ብትወስዱት ፈትተው፣ ጠርገው፣ በይደው በዕለቱ ይመልሱላችኋል። አዲስ አበባ ላይ የድሮ ቶዮታ ለሚነዳ ሰው እኔም የምመክረው እሱኑ ነው። ሰሚት ፖይንት ላይ ግን በያጅ የለም።

ክዳኑ፣ ውሃው፣ ዘይቱ

ልጅ ሆኜ ከጎጃም ስንመጣ ዓባይ በረሃ ላይ ያላፈላ መኪና አልነበረም። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ሊከፍት ሲል ሾፌሩ ይጮህበታል። ጩኸቱ ልክ ነበር። ውሃው በግፊት ስለታፈነ ብቻ ነው ያልፈላው፤ ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል፣ ውሃው በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይመጣል።

ክዳን ማለት ይሄ ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን ንጹሕ ውሃን በባሕር ወለል ደረጃ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ባለ 1.3 ባሩ እስከ 125 ያደርሰዋል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ባለ 0.9 ባር ክዳን 114 አካባቢ ላይ እጁን ይሰጣል። ጠንካራ ክዳን ግን አያቀዘቅዝም፣ መፍላቱን ነው የሚያዘገየው። ያረጀ ማኒኮቶና ያረጀ የፕላስቲክ ታንክ ላይ ከገጠማችሁት ደካማውን ቦታ ፈልጎ ያፈነዳላችኋል። ክዳን ራሱ የሚያረጅ ዕቃ ነው። የልጁ ክዳን ላስቲክ ደርቆ ነበር፤ በጥቂት ዶላር ቀየረው።

ውሃን በተመለከተ፣ ከኩላንት (በብርድ እንዳይረጋ ከሚከላከለው ፈሳሽ) ጋር ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው ከንጹሕ ውሃ ያነሰ ሙቀት ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ብዙ የትራክ ሰው የተጣራ ውሃ ላይ ዝገት መከላከያ ብቻ ጨምሮ ይነዳል። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ማዕድኑ ውስጡን ያቆሽሻል። ብዙ የውድድር አዘጋጆችም ኩላንት ይከለክላሉ፤ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ቶሎም አይደርቅም። ከመሄዳችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። ውሃ ስትሞሉ የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ አድርጉ፣ ማሞቂያውን ክፈቱ፣ አየሩ እስኪወጣ ታገሡ። «አዲሱ ራዲያተር አይሠራም» ከሚሉኝ ሰዎች ስንቶቹ አየር አፍነው እንደሚነዱ ብነግራችሁ አታምኑም።

ሚያታ ላይ አንድ የታወቀ ጉድለት አለ። ሞተሩ መጀመሪያ የታሰበው እንደ ማዝዳ 323 ላሉ ሞተራቸው አግድም ለሚቀመጥ፣ የፊት ጎማቸው ለሚነዳቸው መኪኖች ነው። ሚያታ ላይ በቁመት ሲገባ የውሃው መውጫ ወደ ፊት መጣ። ፓምፑም ፊት ነው። ስለዚህ ውሃው በፊት ገብቶ በፊት ይወጣል፣ ኋላ ያለው አራተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው ትራፊ ነው። መውጫውን ወደ ኋላ የሚመልስ ዕቃ ይሸጣል። መለኪያችሁ ላይ ብዙ ለውጥ አታዩ ይሆናል፤ አራተኛው ሲሊንደር ግን ያያል። ቱርቦ ካላችሁ ከራዲያተሩ እኩል አስፈላጊ ነው። ከሌላችሁ ሊቆይ ይችላል።

ዘይቱንም ለኩ። ውሃው 95 ሆኖ ዘይቱ ከ130 ካለፈ ራዲያተር አይደለም የሚያስፈልጋችሁ፣ የዘይት ማቀዝቀዣ ነው። እሱን ደግሞ ራዲያተሩ ፊት ከገተራችሁት የራዲያተሩን አየር ታሞቃላችሁ። ጎን ላይ፣ የራሱን አየር እያገኘ ቢቀመጥ ይሻላል።

ቬንትሌተር ትራክ ላይ ስትነዱ ሥራ የለውም። የሚያስፈልጋችሁ ከወጣችሁ በኋላ ስትቆሙና ወደ ቤት ስትመለሱ ትራፊክ ላይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ኃይለኛ መግዛት አያስፈልግም፣ የፋብሪካው ከሠራ ይበቃል።

ልጁስ ምን አደረገ?

በመጀመሪያ የሆዷን ፕላስቲክ ከአሮጌ መኪና መበለቻ ገዝቶ መለሰ። ዙሪያውን በስፖንጅ ዘጋ። ክዳኑን ቀየረ። በአሮጌው ራዲያተር አንድ ቀን ነዳ፣ 112 ይል የነበረው 103 ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ባለ 36 ሚሊሜትሩን ያዘዘው፣ የአሮጌው ታንክ ቡናማ ሆኖ ስለነበር። አሁን ሐምሌ ላይ 97 አካባቢ ይነዳል። ፍራሹን ሳይገዛ የቀረውን ገንዘብ ለፍሬን ሸራ አዋለው።

በንጹሕ ውሃ የምትነዱ ሁሉ ግን አንድ ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፦ ኅዳር መጀመሪያ፣ «ውሃውን አውጣ፣ ኩላንት ጨምር»። እኔ በሁለተኛው ዓመት ረሳሁት። መኪናዋ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ደጅ ላይ ቆማ ነበር፣ አንድ የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ብዙ ወረደ። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል። ጠዋት ስወጣ የምወደው 36 ሚሊሜትር ራዲያተር ጎኑ ላይ ተነፍቶ ተሰንጥቋል፣ ከሥሩ የተንጠለጠለ በረዶ አለ። ሞተሩ በተአምር ተረፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሙቀት ያዳንኩትን ራዲያተር ብርድ ገደለው።